ባለ ቀይ ጣቱ ባቡር ነጂ

ሙጫ አባቷ ልብስ ሲተኩስ ያየችው በዕድሜዋ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ እሷ ከሙያ ትምህርት ቤት ስትመረቅ፣ አንዴ ደግሞ እሱ የአውሮፕላን ማረፊያው ታክሲዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሆኖ ሲመረጥ። ዛሬ ጠዋት ከክፍሏ ስትወጣ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፎ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ከኮቱ እጅጌ ጋር ሲታገል አገኘችው። በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

"አባዬ፣ ሰርግ አለ እንዴ?"

"የለም። ባቡር ልሳፈር ነው።"

የቀለደ መስሏት ሳቀች። ከከተማው መሃል ተነስቶ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው የሚዘልቀው አዲሱ ባቡር ለሕዝብ የሚከፈተው ዛሬ ነው። ከተማው በዚሁ ወሬ መታመስ ከጀመረ ወር አልፎታል፤ በነሱ ቤት ግን "ባቡር" ማለት ነውር ከሆነ ቆይቷል። አባቷ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ተራው ላይ የቆመ ሰው ነው። ሬዲዮው ስለ ባቡሩ ማውራት ሲጀምር ከመብል ተነስቶ ይዘጋዋል።

"የምሬን ነው" አለ ካውያውን እያስቀመጠ። "ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚነሳው። የፊተኛው ፉርጎ ውስጥ ነጂው ጀርባ ላይ እቆምና፣ ስንደርስ አንገቱን ይዤ አወርደዋለሁ። ለልጆቹ ቃል ገብቻለሁ።"

ልጆቹ የሚላቸው አብረውት ተራ የሚይዙትን ሹፌሮች ነው። ትንሹ ልጅ አርባ ሦስት ዓመቱ ነው።

"የትኛውን ነጂ?"

"የሚሰድበንን ነዋ! ድልድዩ ከተራችን አናት ላይ አይደል የሚያልፈው? ሦስት ወር ሙሉ ለሙከራ ሲመላለሱ፣ ልክ እኛ ጋ ሲደርስ ጣቱን ይቀስርብናል። እንዲህ!" ክንዱን ወደ ቁም ሳጥኑ ዘርግቶ አሳያት። "ቀስሮ ዝም አይልም፣ ይናገራል። አፉ ሲንቀሳቀስ እናያለን። ገና በጠዋቱ! 'እነዚህን እዩአቸው፣ አለቀላቸው' ነው የሚለው። ሌላ ምን ይላል?"

"ለሌላ ሰው ቢሆንስ?"

"ሌሎቹ ነጂዎችም ይጠቁማሉ፣ ከሱ ተምረው ነው። አለቃቸው ግን እሱ ነው። እንዴት አወቅህ በይኛ! ነጭ ጓንት አድርጎ ጠቋሚ ጣቱን ብቻ ቀይ አድርጎታል። ቀይ! እንዳያመልጠን ብሎ እኮ ነው!"

ሙጫ ክው አለች። ያንን ቀይ ጣት የሰፋችው እሷ ነበረች።

ሙጫ የሚለውን ስም ያወጣላት አባቷ ነው። እናቷ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ካባቷ ጎን አልላቀቅ ብላ ታክሲው ውስጥ አደገች። መንገደኛ ከኋላ፣ እሷ ከፊት። አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሻንጣ ጠጋኝ ሆናለች። ከገበያው ጀርባ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ሱቅ አላት፤ የተበጠሰ ዚፕ፣ የተነቀለ ጎማ፣ የተሰበረ እጀታ ሁሉ መጨረሻው እሷ ዘንድ ነው።

ከሰባት ወር በፊት አንድ ረጅም፣ ዓይነ አፋር ወጣት ዚፑ የተበጠሰ የሥራ ቦርሳ ይዞ መጣ። ጠገነችለት። በሳምንቱ ያው ዚፕ ተበጥሶ ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ "ወንድሜ፣ ቦርሳህን ከማን ጋር ነው የምታታግለው?" አለችው። አራተኛ ጊዜ ሲመጣ የቦርሳው የውስጥ ኪስ ውስጥ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አገኘች። "ዚፑን የምበጥሰው እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሌላ ምክንያት አጥቼ ነው" ይላል። ከዚያ ወዲያ በዚያች ኪስ ደብዳቤ ሲመላለስ ከረመ፤ ዚፑም ዕድሜ አገኘ።

ሥራው ባቡር መንዳት መሆኑን ስትሰማ ግን ደስታዋ ግማሽ ሆነ። ከሰው ሁሉ መርጣ ያባቷን ጉሮሮ ሊዘጋ የመጣውን ሰው ትወዳለች? "ቤት መጥቼ አባትሽን ላናግር" ባላት ቁጥር "ትንሽ ቆይ" ትለዋለች። የዋለችበትን ብቻ ሳይሆን ያለመችውን ሳይቀር ላባቷ ስትነግር ያደገች ልጅ፣ ሰባት ወር ሆድ ይፍጀው ብላ ተቀመጠች። እራት ላይ ዓይኑን ማየት እየከበዳት መጥቶ ነበር።

ጓንቱን ያመጣላት ከሦስት ወር በፊት ነው። የጠቋሚ ጣቱን ጫፍ በር ይዞት ተቀዷል። ነጭ ቆዳ ስላልነበራት ካንድ አሮጌ ሻንጣ የተረፈ ቀይ ቁራጭ ደርባ ሰፋችለት። "የትም ብትሆን በዚህ አውቅሃለሁ" ብላው ተሳስቀው ነበር። ይኸው፣ አወቀችው።

አባቷ የት እንደሚቆም፣ ሊቀመንበር መሆኑንም ነግራዋለች። የታክሲውን ቀለም ሳይቀር ያውቃል። ደግሞ አንድ ቀን "ባቡሩ ሲጀምር ታክሲ የምናየው በፎቶ ነው" ብሎ ቀልዶ፣ ስታኮርፍ ደንግጦ መቶ ጊዜ ይቅርታ ጠይቋት ነበር። ያኔ ይቅር ያለችው ቀልድ አሁን ተመልሶ መጣባት።

ክፍሏ ገብታ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው፤ ነጂዎቹ ወደ ሥራ ሲገቡ ስልካቸውን ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ነው የሚወጡት። ትናንት የላከላትን ደብዳቤ ከትራሷ ሥር አወጣች።

"ነገ የመጀመሪያውን ባቡር የምነዳው እኔ ነኝ፤ ዕጣው ለኔ ወጣ። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ባቡሩ አይደለም። እዚያ ስደርስ እስክመለስ ድረስ ሃያ ደቂቃ አለኝ። በዚያች ሃያ ደቂቃ ወደ ታክሲ ተራው ወርጄ አባትሽን አናግራቸዋለሁ። ትንሽ ቆይ አትበይኝ፣ ሰባት ወር ቆየሁ። ሦስት ወር ሙሉ ከራሳቸው በላይ ሳልፍ አንድም ቀን አይቻቸው አላውቅም፤ እዚያ ቦታ ላይ ዓይኔን ወደ ሌላ መጣል አልችልም። ነገ ግን መሬት ላይ ፊት ለፊት አያቸዋለሁ። እምቢ ቢሉኝም እምቢታውን ካፋቸው ልስማው።"

ትናንት አሥር ጊዜ አንብባ አሥር ጊዜ ልቧ ተሰልቧል። ዛሬ አንዱ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የታያት። ጣቱን ሲቀስርበት የከረመ ሰው "አይቻቸው አላውቅም" ይላል? ወይ አባቷ ተሳስቷል፣ ወይ የምትወደው ሰው ዋሽቷታል። ዛሬ አንዱን ልታጣ ነው። የትኛውን እንደሆነ ማሰብ አቃታትና ጫማዋን ማሰር ጀመረች።

"አባዬ፣ እኔም እሄዳለሁ።"

"የኔ ልጅ!" አለ አባቷ፣ ኮቱን አጥልቆ ደረቱን እየነፋ። "ምስክር ትሆኚኛለሽ።"

ሙጫ አንገቷን ደፋች። እንዲህ አምኗት ሲስቅ ማየት ከስድብ በላይ አንጀቷን በላው።

*

ጣቢያው ሰው ጢም ብሏል። አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ግን በመብራት ተፈልጎም አይገኝም። ሕፃን ያዘሉ እናቶች አሉ፣ ከዘራ የያዙ አዛውንቶች አሉ፣ ፀጉራቸውን ተስተካክለው የመጡ ጎረምሶች አሉ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ባዶ ሻንጣ እየጎተቱ "ሻንጣ የሌለው አያስገቡም ብለውኝ ከጎረቤት ተዋስኩ" ይላሉ ላገኙት ሁሉ። ሙጫ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል እንኳን የሻንጣውን ጎማ አየት አድርጋ፣ ይሄ ሳምንት አይቆይም አለች በሆዷ። ልማድ ክፉ ነው።

ባቡሩ ሲመጣ ሕዝቡ አጨበጨበ። ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ሙጫ እንደተናደደች ለመቆየት ብትሞክርም ልቧ ከሰዉ ጋር ዘለለ።

አባቷ በትከሻው መንገድ እየከፈተ ፊተኛው ፉርጎ ድረስ ወሰዳት። ከነጂው ክፍል የሚለያቸው አንድ መስተዋት ብቻ ነው። ከመስተዋቱ ወዲያ ሰማያዊ ባርኔጣ፣ ቀጥ ያለ ጀርባ፣ በነጭ ጓንት የተሸፈኑ ሁለት እጆች ይታያሉ። የቀኙ እጅ ጠቋሚ ጣት ቀይ ነው። ባርኔጣው ሥር ጆሮዎቹ በድንጋጤ ቀልተዋል። ሙጫ እነዚያን ጆሮዎች ታውቃቸዋለች፤ ደብዳቤ ሰጥቷት ሲወጣም እንዲሁ ይቀሉ ነበር። ዞር በል፣ አንድ ጊዜ ዞር በልና ዓይንህን ልየው አለች በልቧ። አልዞረም።

"መሪ የለውም እኮ!" አለ አባቷ በመስተዋቱ እያጮለቀ። "መሪ የሌለው ነገር መንዳት ሥራ ነው? ተቀምጦ መሄድ ነው እንጂ!"

ባቡሩ ተነሳ። ሰው ሁሉ ባንድ ድምፅ "ውይ!" አለ። ሴትዮዋ ሻንጣቸውን አቀፉት። ከተማው በመስኮቱ ወደ ኋላ መሮጥ ጀመረ፤ ጣሪያ፣ የተሰጣ ልብስ፣ መስኮት ላይ ቆማ እጇን የምታውለበልብ ሴት።

"እህ" አለ አባቷ ብረቱን እንደጨበጠ። "አነሳሱ እንኳን መጥፎ አይደለም። ሳያንገጫግጭ ነው ያነሳው።" ወዲያው ባላጋራውን ማመስገኑ ገባውና ፊቱን አጠቆረ።

ነጂው ክንዱን ቀጥ አድርጎ ዘረጋ። ቀዩ ጣት ወደ ፊት ተቀሰረ። ድምፁ መስተዋቱን አልፎ ተሰማ፦ "ምልክት አረንጓዴ! እለፍ!"

"ይኸው!" ብሎ ዘለለ አባቷ። "አየሽው? አየሽው አይደል?"

ፊት ለፊታቸው ግን የግንብ አጥር ብቻ ነበር።

"ግንቡን ነው እንዴ የሚሰድበው?" አሉ ባለ ሻንጣዋ ሴትዮ።

ከግንቡ በኋላ አንድ ባዶ ሜዳ መጣ። ጣቱ እንደገና ተቀሰረ። "ምልክት አረንጓዴ! እለፍ!" ሜዳው ላይ ውሻ እንኳን የለም። ቀጥሎ የፋብሪካ ጀርባ መጣ። "ምልክት ቢጫ! ቀስ!" ባቡሩም ቀስ አለ። ያኔ ሙጫ ከሐዲዱ ዳር፣ ቀጭን ምሰሶ ላይ፣ ቢጫ መብራት ሲያልፍ አየች። ቀና ብላ ወዳባቷ ተመለከተች። እሱም አይቷል።

ከዚያ በኋላ አባቷ ግንባሩን መስተዋቱ ላይ ለጥፎ ቀረ። ሌላ ግንብ፣ ሌላ ድልድይ፣ ሌላ ምሰሶ። አምስተኛው ላይ ነጂው አፉን ሳይከፍት አባቷ ቀደመውና በሹክሹክታ "አረንጓዴ" አለ።

"አረንጓዴ! እለፍ!" አለ ነጂው።

"ለራሱ ነው የሚናገረው" አለ አባቷ፣ ድምፁ ተለውጦ። "ሰው አይደለም የሚጠቁመው። መንገድ አሰልቺ ነው ልጄ፣ ዓይን እያየ ልብ ይሸፍታል። አፍና እጅ ሲጨመሩበት ግን ልብ የትም አይሄድም። እኔስ እንደዚሁ አይደለሁም?"

ሙጫ ትዝ አላት። ትንሽ ልጅ ሆና ከጎኑ ስትቀመጥ "በግራ ብስክሌት፣ በቀኝ ሕፃን፣ ቀስ በል አንተ ሽማግሌ" እያለ ሲያጉተመትም ትሰማ ነበር። ለሷ የሚያወራ እየመሰላት "እሺ አባዬ" ትለው ነበር።

አልዋሻትም! ሰባት ወር ያመነችው ሰው አልዋሻትም። ደስታው እንደ ውሃ መጣባት፤ ማንንም ሳትፈራ ያንን መስተዋት በቡጢ መደብደብ፣ ዞር በል ማለት አማራት።

ደስታዋ ግን ዕድሜ አላገኘም። ባቡሩ ቀስ እያለ የመጨረሻው ድልድይ ላይ ወጣ። ከሥራቸው ታክሲ ተራው መጣ፤ በአንድ መስመር የተሰለፉ አሥራ ሁለት መኪኖች፣ ፀሐይ የበላው ጣሪያቸው፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች። ልክ ከተራው በላይ የምልክት ምሰሶ ቆሟል። ሹፌሮቹ አንገታቸውን ሰቅለው ወደ ባቡሩ ቡጢያቸውን ያሳያሉ። ቀዩ ጣት ከራሳቸው በላይ ወዳለው መብራት ተቀሰረ። "ምልክት አረንጓዴ! እለፍ!" ነጂው አንዲት ጊዜ እንኳን ወደ ታች አላየም።

አባቷ ግን ወደ ታች እያየ ነበር። ሠላሳ ዓመት የኖረበትን ቦታ ከላይ ሆኖ ሲያየው የመጀመሪያው ነው። ጠቅላላውን አልፎ ለመሄድ አምስት ሰከንድ አልፈጀም።

"እንዲህ ትንሽ ናት?" አለ በቀስታ። ሙጫ እጁን ያዘችው፤ ቀዝቅዞ ነበር።

*

በሩ ሲከፈት ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ወጣ። ባለ ሻንጣዋ ሴትዮ ሙጫን ከነሻንጣቸው ገፍተው አወጧት። ከሰው ትከሻ መሃል ስታሾልቅ አባቷ የነጂው በር ላይ ቆሞ ታየ። "አባዬ!" ብላ ተጣራች፤ ማን ሰምቷት።

የነጂው በር ተከፈተ። ወጣቱ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ፀጉሩን በጣቱ እያበጠረ፣ ላብ በላብ ሆኖ ወረደ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ያሳልፉኝ። ቸኩያለሁ።"

"ወዴት ነው?" አለ አባቷ።

"ታች፣ ታክሲ ተራ። ሰው ልፈልግ ነው።"

"ማንን?"

የጨነቀው ሰው ለመንገደኛም ይናዘዛል። "የማገባትን ልጅ አባት" አለ ወጣቱ።

ሙጫ ከሰዉ በስተኋላ ሆና ሰማችው፤ በክርኗ መንገድ መክፈት ጀመረች።

"አባትየው እሺ ብሏል?"

"ገና አያውቁኝም። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ እስቲ ይንገሩኝ። ሠላሳ ዓመት የሠሩበትን ቦታ የምዘጋባቸው እኔ ነኝ። በዚያ ላይ ያለቻቸውን አንድ ልጅ ስጡኝ ልላቸው ነው። እንዴት ተብሎ ይጀመራል? ባቡር ስነዳ ያልተንቀጠቀጠ እግሬ አሁን ይንቀጠቀጣል፣ ይዩት።"

አባቷ እግሩን አየው፤ እውነትም ይንቀጠቀጣል። "ልጅቷ ማን ትባላለች?"

"ብነግርዎ አያውቋትም። ሙጫ ነው የሚሏት።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሰባት ወር ሙሉ ሰፈሩ የጠረጠረውን ነገር አባቷ የሰማው ከራሱ ከባለጉዳዩ ነበር። አፉ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ እንደገና ተከፈተ።

በዚህ መሃል ከደረጃው ጩኸት መጣ። ሦስት ሹፌሮች እየሮጡ ወጡ፤ ከፊት ያለው ከጩኸቱ ብዛት ክላክስ የሚሉት ነው።

"ሊቀመንበር! ያዝከው? እሱ ነው! ያ ጣት!" ክላክስ የወጣቱን እጅ ይዞ ቀዩን ጣት ወደ ላይ አነሳው። "አሁን ጠቁመን እስቲ! ጠቁመን!"

"ሊቀመንበር?" አለ ወጣቱ። አባቷን አየ፣ የተተኮሰውን ኮት አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ልቀቀው" አለ አባቷ።

"ምን?"

"ልቀቀው አልኩህ። የሰደበን የለም። ካናታችን በላይ መብራት አለ፤ ከመብራቱ ጋር ነው የሚነጋገረው። እንዳይዘነጋ፣ ሰው እንዳይገድል ብሎ። እኛን አንድም ቀን አላየንም። ተሳስቼ ነበር።"

ሦስቱ ሹፌሮች ተያዩ። ሊቀመንበሩ ተሳሳትኩ ሲል ሰምተው አያውቁም። ክላክስ የወጣቱን እጅ ቀስ አድርጎ፣ እንደሚሰበር ዕቃ፣ መልሶ አስቀመጠለት።

ሙጫ ያኔ ደረሰች። ዓይኗ ከወጣቱ ዓይን ጋር ተገናኘ፤ ያን ሁሉ መንገድ ስትለምነው የመጣችው ዓይን ነው። ግን ማየት የቻለችው ለአንድ አፍታ ብቻ ነበር።

"ነይ እስቲ" አለ አባቷ። "ታውቂዋለሽ?"

"አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሰባት ወር።"

"ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው..." ብሎ ጀመረ ወጣቱ።

"አንተን አልጠየቅኩህም። ይሄ ቀይ ነገርስ?"

"እኔ ነኝ የሰፋሁት።"

አባቷ ትኩር ብሎ አያት። የተቆጣ ቢሆን ይቀላት ነበር።

"ባቡሩ መጣ፣ ሥራዬን ወሰደ። እሺ፣ ከዘመን ጋር አይጣሉም። አንቺ ግን... ጥርስሽ ሲነቃነቅ እንኳን ከሰው ሁሉ በፊት ለኔ አልነበረም የምትነግሪው? ምን አድርጌሽ ነው የፈራሽኝ?"

ሙጫ የምትናገረውን አላዘጋጀችም። ሰባት ወር ታፍኖ የቆየው ራሱ ወጣ።

"አንተን አይደለም የፈራሁት! 'ወይ እሱ ወይ እኔ' እንዳትለኝ ነው። ብትለኝ አንተን እመርጥ ነበር፣ አባዬ። አንተን መርጬ፣ ከዚያ ዕድሜዬን ሙሉ ፊት ለፊትህ ተቀምጬ እሱን አስብ ነበር። አንተም ታየኝ ነበር። ያንን ነው የፈራሁት!"

ባለ ሻንጣዋ ሴትዮ አፍንጫቸውን በመሐረብ ያዙ። ወጣቱ መሬት መሬት እያየ ነበር፤ አንተን እመርጥ ነበር ስትል የሰማው ቃል ፊቱ ላይ ይነበባል። ቢሆንም ቀና ብሎ "ልክ ናት ጋሼ" አለ። "እኔም ያባቷን ቤት ዘግታ እንድትመጣልኝ አልፈልግም። ለዚህ ነው ልለምንዎ የመጣሁት።"

አባቷ ወደ ሐዲዱ ዞረ። ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ። ሙጫ ትከሻው ሲወጣና ሲወርድ አየች፤ ልትነካው ዘርግታ እጇን መለሰች። ድምፅ ማጉያው ባቡሩ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ወደ ከተማ እንደሚመለስ ተናገረ።

"ስንት ሰዓት ትጨርሳለህ?" አለ አባቷ ሳይዞር።

"እኔ?" አለ ወጣቱ። "አሥራ አንድ ሰዓት።"

"አሥራ አንድ ላይ ታች እጠብቅሃለሁ። ቤት የምትመጣው በኔ ታክሲ ነው።"

"እሺ ጋሼ። ግን እንዳይቸገሩ፣ በባቡሩ እኮ..."

"ባቡርህ አሥራ ሰባት ደቂቃ ነው የሚፈጅበት፤ ሰዓት ይዤበታለሁ። እኔ በዚያው መንገድ አርባ ደቂቃ ያስፈልገኛል።" አሁን ዞረ። ዓይኑ ረጥቦ ነበር። "ልጄን የምሰጠው ሰው ማን እንደሆነ በአሥራ ሰባት ደቂቃ አላውቅም።"

ወጣቱ ራሱን ነቀነቀ፣ ደጋግሞ ነቀነቀ፤ ባርኔጣውን ገልብጦ አጠለቀ፣ አወለቀ፣ እንደገና አጠለቀ። "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው!" አለ ክላክስ፣ ጣቢያው እስኪያስተጋባ እየሳቀ። የማያውቁት ሰዎች ሳይቀሩ አብረውት ሳቁ። ወጣቱ ወደ ባቡሩ ሌላኛው ጫፍ ሲሮጥ ሁለት ጊዜ ዞሮ ሙጫን አየ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰው ገጭቶ ይቅርታ ጠየቀ።

ባቡሩ ሄደ። ሹፌሮቹም እየተጎሻሸሙ ወደ ተራቸው ወረዱ። አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

"አባዬ" አለች ሙጫ። "ተቀየምከኝ?"

"አዎ" አለ። መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠረገና ለሷ ሰጣት። "እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይለቀኛል።"

ሙጫ የጣቢያውን ሰዓት አየች። ገና ሦስት ሰዓት ከአሥር ነው። ስምንት ሰዓት ሙሉ ምን ተሠርቶ እንደሚገፋ ሊገባት አልቻለም። እየሳቀች፣ የተተኮሰው ኮት ትከሻ ላይ ፊቷን ደብቃ አለቀሰች፤ አባቷም ኮቴ ተበላሸ አላላትም።